የኮሮላዋ ቀኝ ጎን

እናቴ ፖለቲካ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቶሮንቶ ውስጥ እስካሁን ስሟን እያነሱ የሚከራከሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ባለፈው ሰኔ አንድ ሠርግ ላይ የማላውቃቸው ሴትዮ እጄን ያዝ አድርገው፣ የዚያች የባንዲራዋ መኪና ሴትዮ ልጅ አይደለሽም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነኝ አልኳቸው። እናትሽ ጀግና ናት፣ ወንድ ናት ብለው አሞገሱልኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት ባላቸው ደግሞ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ ያ ነገር ግን ትንሽ ድፍረት ነበረበት አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። አልፈርድባቸውም፤ እኔ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ነው የተሳሳትኩት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሬክስዴል፣ ከረጃጅሞቹ የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናችን ነጭ ኮሮላ ነበረች፤ በዕድሜ እኔን በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናቴ ውብአለም ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚታሸግበት ቤት ትሠራለች። ሺፍቷ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ ባስ የለም። ኮሮላዋ ከሌለች ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ሰባተኛ ፎቅም የለም።

የእኛ የፓርኪንግ ቦታ የመጨረሻው፣ ግድግዳው ጥግ ያለው ነበር። በረዶ የሚጠርገው ማሽን በረዶውን፣ እንዲቀልጥ ከተነሰነሰበት ጨው ጋር፣ እየገፋ አምጥቶ የኮሮላችን ቀኝ ጎን ላይ ይከምረዋል፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ እዚያው ይተኛባታል። በግራ ስትታይ ሙሽራ ናት፣ በቀኝ ስትታይ አስታማሚ ያጣች በሽተኛ። የፊተኛው ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ማለቴ ነው፣ ጫፉ በዝገት ተበልቶ መጋዝ መስሏል። የፊተኛው በር ከታች በኩል ሲነኩት ይፈረፈራል። የኋለኛው፣ የእኔው በር፣ ጭራሽ አይከፈትም፤ እንዳይወድቅ ከውስጥ በገመድ ታስሯል። እኔ በግራ በኩል ገብቼ፣ በወንበሩ ላይ እየተንሸራተትኩ ነበር ቦታዬ የምደርሰው።

ከእግሬ ሥር ደግሞ ቀዳዳዋ አለች።

ቀዳዳዋን እወዳት ነበር። ቡጢዬን ታሳልፋለች። እማዬ ጣውላ አድርጋባት፣ ምንጣፉን መልሳ አልብሳ፣ እግርሽን እዚያ እንዳታሳርፊ ብላኛለች። እኔ ግን ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ምንጣፉን ገልጬ ጣውላውን በጫማዬ ገፋ አደርገውና አስፋልቱን አየዋለሁ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ አስፋልቱ መሮጥ ይጀምራል። የኦቾሎኒ ልጣጭ አንድ በአንድ እጥልባታለሁ፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት መንገዱን ምልክት እያደረግኩ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ ሌላ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም።

ይህን ምስጢር ያሳየሁት ለአባቴ ብቻ ነው።

አባቴ ተሻገር ከእማዬ ጋር ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ብራምተን አዲስ ቤት፣ አዲስ ሚስት፣ በሩ በራሱ የሚከፈት አዲስ መኪና አለው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደኛል። አንድ የየካቲት ቅዳሜ ወደ ፓርኪንጉ ስወርድ፣ እጁን ኪሱ ከቶ የእማዬን መኪና ዙሪያዋን ሲያያት ደረስኩ። ምስጢር ላሳይህ አልኩት። ገብቼ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ጣውላውን አነሳሁለት። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አወጣና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ፎቶ አነሳ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ፣ እንኳን አሳየሽኝ» አለኝ።

በዚያ ብርድ አይስክሬም ገዛልኝ። እኔ ለቀዳዳዋ የሚሆን ዕቃ ሊገዛልን ነው፣ ልኳን ለመያዝ ነው ፎቶ ያነሳት ብዬ አሰብኩ። አይስክሬሜን እየላስኩ ዕቃው ምን ዓይነት ቀለም ይኖረው ይሆን እያልኩ ነበር።

ዛሬ ኢንሹራንስ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የመኪና ፎቶ ይመጣልኛል፤ ይህ ይጠገን፣ ይህ ይጣል እያልኩ እፈርዳለሁ። ሰው ፎቶ የሚያነሳው ለመጠገን ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ኢንሹራንስ ቤት መግባት አላስፈለገኝም።

ከሳምንት በኋላ አቶ ወልደገብርኤል ደወሉ። እኚህ ሰው አባቴ እናቴን ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የተላኩ፣ ሲጣሉ ያስታረቁ፣ አልሆን ሲላቸውም ያለያዩ ሰው ናቸው። ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት እሳቸው ዘንድ መሄድ ነው ወጉ። እማዬ ቆማ ትሰማለች፤ እኔ የምሰማው የሷን ድምፅ ብቻ ነው። መኪናው? አለች። ማን አሳየው? አለች። ዞር ብላ አየችኝና መልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ይሁን። ጾሙ ይፈታና መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት» አለች፣ ስልኩን ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ውድድር ነበረው። ዳኞቹ ወረቀት ይዘው እየዞሩ የልጁን ሁሉ ሥራ አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እማዬ መኪናችንን ውድድር አስገብታታለች፤ ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጥተው ይዳኛሉ። ማታ ሳህን ስታጥብ ጠጋ አልኳት።

«እማዬ፣ ካሸነፍን የምናገኘው ምንድን ነው?»

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«አንቺን» አለች።

እናቶች እንደዚህ ነው የሚያወሩት ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ዙበይር የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። አዲስ አበባ እያሉ ሙያቸው ባትላሜራ ነበር፤ የተጨረማመተ መኪና በመዶሻና በብየዳ ወደ ልኩ ይመልሳሉ። እዚህም ከቤታችን ብዙ በማይርቅ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እማዬ ጠራቻቸው። ኮሮላዋን በካቻቢቴ ጫፍ እዚህም እዚያም ቆርቆር አደረጓት፣ በጀርባቸው ተኝተው ሥሯ ገቡ፣ ወጡና ሱሪያቸውን አራግፈው ፈረዱ። ልቧ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ቆዳዋ ነው አሉ። ሴፍቲ እንድታልፍ፣ ማለት መካኒክ ፈትሾ ለመንገድ ብቁ ናት የሚል ወረቀት እንዲሰጣት፣ ፓራፋንጎው፣ ሁለቱ በሮችና ወለሉ መለወጥ አለባቸው። አዲስ ዕቃ ይገዛ ከተባለ ደግሞ መኪናዋን ሁለቴ እንደመግዛት ነው።

የእማዬ የሥራ ጓደኞች ጣያት ይሏት ነበር። እሷ ግን፣ «ስለዛገች ነው የምጥላት? እኔም ጉልበቴን ያመኛል፤ ልጣል?» ትላቸዋለች። ሰው ዝም የሚያሰኝ አፍ ነበራት፣ ዛሬም አላት።

እናም አባቴ በማይመጣባቸው ቅዳሜዎች፣ ያረጁና የተጋጩ መኪኖች እየተፈቱ ወደሚሸጡባቸው ግቢዎች መሄድ ጀመርን። የመጀመሪያው ግቢ በር ላይ ልጅ አይገባም የሚል ተለጥፏል፤ መኪና ውስጥ ተቀመጪ ተባልኩ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ስሰማ፣ ጋሽ ዙበይር ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ ፓራፋንጎ፣ ኮሮላ፣ ፓራፋንጎ ይላሉ። ልጁ ትከሻውን ይነቀንቃል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙለታል። ሁለተኛው ግቢ ኮፈን ቢሉ፣ ስፖኪዮ ቢሉ፣ በጣታቸው ቢያሳዩ የሚሰማቸው ጠፋ። እማዬ በእንግሊዝኛዋ ልታግዝ ብትሞክር የቆርቆሮውን ስም እሷም አታውቀውም። እኔማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከመኪና የማውቀው ጎማና መሪ ነው። በመጨረሻ በጣታችን ጠቁመን የተረዳን ሰው ደግሞ ነጭ በር አለኝ ብሎ የጠራው ዋጋ እማዬን አሳቃት።

«በራሳቸው ቋንቋ እየነገርኳቸው አይሰሙኝም» እያሉ ጋሽ ዙበይር መንገዱን ሙሉ ተበሳጩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ቃል እንግሊዝኛ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። መርካቶ ያሠሯቸው የነበሩት አለቃቸው እንደዚያ አስተማሯቸው፤ እሳቸውም ስንቱን አስተማሩ።

ሦስተኛው ግቢ ዌስተን ነው፤ የባቡሩን ሐዲድ ተጠግቶ የተከለለ፣ በሩ ላይ ጽሑፍ እንኳ የሌለው። ባለቤቱ ከዘራ የሚይዝ፣ ጆሮው ውስጥ ፀጉር የበቀለ አዛውንት ነው። ጋሽ ዙበይር ተስፋ ቆርጠው፣ እንደ ማጉረምረም አድርገው፣ ፓራፋንጎ አሉ። ሰውዬው ቀና አለ። ቃሉን ደገመው፤ ግን እሱ ሲለው ዘፈን ይመስላል። ጋሽ ዙበይር ኮፈን አሉ፣ እሱም መለሰ። ፍሬቻ አሉ፣ ደገመላቸው። አንዱ ሲጠራ ሌላው ሲቀበል፣ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ቆጥረው ጨረሷት። ሰውዬው ሳቀ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው፣ እኔንም ግቢ ብሎ በእጁ ጠራኝ።

ጋሽ ዙበይር ወደ እማዬ ዞረው፣ «ተመስገን፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አገኘን» አሉ።

ሰውዬው ጣሊያን መሆኑን እማዬ የነገረቻቸው ከወር በኋላ ነው። ሁለት ቀን ከራሳቸው ጋር ተኳረፉ።

የዚያ ግቢ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የቀለጠ በረዶ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ እርጥብ የወንበር ስፖንጅ። መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ ፊቱ የለም፣ አንዳንዱ ጀርባው የለም። የእኛን የሚመስሉ ሦስት ኮሮላዎች አገኘን። አንዷ አረንጓዴ ናት፤ ከኋላ ተደርምሳ የፊት ፓራፋንጎዋ ጭረት የለውም። አንዷ ሰው መንዳት ይማርባት የነበረች ቢጫ ናት፣ የፊት በሯ ደህና ነው። ሦስተኛዋ ቀይ ናት፤ የኋላ በሯ መስታወት ላይ የሆነ ልጅ የለጠፈው የዓሣ ሥዕል አለ። እኔ ዓሣውን ስነካ እማዬ ፊቷ ተለወጠ። ከቦርሳዋ ትንሽ የጸበል ጠርሙስ አወጣች፤ እዚህ ውስጥ የሞተ ሰው ይኖራል፣ ዝም ብሎ አይወሰድም አለች፣ በሩን ረጨችው። ጋሽ ዙበይርም ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ቡሎን ፈቱ። ጣሊያኑ ከሩቅ እያየ ምን እያደረጋችሁ ነው አላለም። ዋጋ ሲጠራም እማዬን ሳይሆን የጸበሉን ጠርሙስ እያየ ጠራ፤ እሷም ሳትከራከር የተቀበለችው ያንን ቀን ብቻ ነው።

ከኮሮላዎቹ አንዷ ላይ ነጭ በር ቢኖር ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። አልነበረም። ጋሽ ዙበይር ቀለም ማስቀባት ከፈለግሽ ግን ከዕቃው የበለጠ ያስከፍልሻል አሏት። እማዬ ቀና ሳትል፣ የቢጫውን በር ማጠፊያ እየፈታች፣ «ሴፍቲ ቀለም ይጠይቃል?» አለች። አይጠይቅም አሉ። «እንግዲያስ ተዉት።»

ሦስቱ ዕቃዎች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ። ጋሽ ዙበይር አዩና፣ ሱብሃነላህ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ደግሞ ልቤ ዘለለ። ባንዲራ! ቤተ ክርስቲያን አዳራሹ ውስጥ የማየው፣ ዓመት በዓል ሲሆን አንገቴ ላይ የሚታሰርልኝ። እማዬ ዳኞቹን ልታስደምም ነው! ይህንን ያሰበ ሌላ ተወዳዳሪ ሊኖር አይችልም። ዕቅዷ እንዳይበላሽባት ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለሷም።

ካደግኩ በኋላ፣ ቀለሙን ያኔ አላየሽውም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ዓይን የለኝም እንዴ?» አለች። «አይቼዋለሁ። የኔ ጥያቄ ግን በሩ ገጥሞ ይዘጋል ወይ የሚል ነበር።»

በሆሳዕና ሰሞን፣ ጋሽ ዙበይር የሚሠሩበት ጋራዥ ባለቤት እሑድ ክፍት አደረገላቸው። በሮቹንና ፓራፋንጎውን ገጠሙ። ለወለሉ ከጣሊያኑ ግቢ የአንድ መኪና ጣሪያ ቆርጠው አምጥተው ነበር። የዛገውን ገሸለጡና ቀዳዳዋን አሰፏት፤ እኔ ሞተች ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ላሜራውን በልኩ ቆርጠው፣ እሳቱን እንዳላይ አዙረውኝ፣ ዙሪያዋን በየዱት። ሲበርድ ሬንጅ የሚመስል ወፍራም ጥቁር ቀለም በጣሳ አመጡ፤ ዝገት እንዳይመለስ ነው አሉኝ። ብሩሹን ሊያጠልቁ ሲሉ እማዬ ከእጃቸው ወሰደችው። ለእኔ ሰጠችኝ።

«የከፈትሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ድፈኚው።»

ቁጣ የለበትም፤ ብርድ ነው ካፖርትሽን ልበሺ እንደምትለው ነው ያለችው። እኔ ጣውላውን ስለማነሳሳ የተናገረችኝ መሰለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ተንበርክኬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ ጥፍሬ ድረስ ጠቁሬ፣ ላሜራው አንዲት ነጥብ ብረት ሳይታይበት ቀባሁት። እማዬ ከጀርባዬ ቆማ አየችኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ሽልማት ከተሰጠው ውድድሩን አሸንፏል ማለት ነው ብዬ ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል በስልክ ነግረዋት ነበር፤ ያሳየችው ልጅቷ ናት፣ ራሷ ገልጣ ነው ያሳየችው ብለው። ሁለቱን ወር ሙሉ አውቃ ጠዋት ፀጉሬን ሠርታኛለች፣ ኦቾሎኒዬን ገዝታልኛለች። ለምን አልተቆጣሽኝም ብዬ የጠየቅኳት ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ አልቅሼ ነው። ገርሟት አየችኝ። «ምን ብዬ? ቀዳዳ ነበረ እኮ» አለች።

አባቴም ክፉ ሰው አይደለም። እንነጋገራለን፣ እንገባበዛለን። ዛሬ የራሴ ልጅ አለችኝ፤ እግሯ ሥር አስፋልት ሲሮጥ ባይ እኔም ልቤ ቀጥ ይላል፤ ምናልባት እኔም ፎቶ አነሳ ይሆናል። ግን ስመለስ ከፎቶው ጋር ላሜራ ይዤ እመለስ ነበር። እሱ ይዞ የመጣው ሽማግሌ ነው። በዚህ ዛሬም አልታረቅኩትም፣ ልታረቀውም አልፈልግም።

ከፋሲካ አንድ ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት መጡ። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፤ አንደኛው ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። አቶ ወልደገብርኤል ከዘራቸውን ይዘው፣ አቶ ገረመው ክራቫታቸውን አስረው። አቶ ገረመው የኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ማይክ ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እኔ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ መኝታ ቤት ተቀመጪ ተባልኩ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ሽልማቴን እጠብቃለሁ።

አባቴ ረዥም ተናገረ። ወለሉ፣ አለ። አስፋልት ይታያል፣ አለ። የልጅ እግር፣ አለ። ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ አቶ ገረመው ከንፈራቸውን በሐዘን ሲመጥጡ ይሰማኛል። እስኪ እናቷ ራሷን እስክትችል ልጅቷ እኔ ጋ ትሁን፣ ትምህርት ቤቱም እዚያ ይሻላል አለ። እኔ አባዬ ጎበዝ ነው አልኩ በሆዴ፤ መኪናዋ ድሮ ምን እንደነበረች አስቀድሞ እያሳያቸው ነው፣ አሁን ሲያዩዋት እንዲደነቁ። ትሁን የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ። ለአንድ ቅዳሜ መሰለኝ።

እማዬ አልተከራከረችም። ሲጨርስ ብቻ፣ «በሉ ውረዱና እዩት» አለች። እኔንም ጠራችኝ።

በሊፍቱ ወረድን። ፓርኪንጉ ጋ የደረስነው በነጩ ጎን በኩል ነው። አቶ ገረመው፣ ደህና ናት እኮ ማለት ሲጀምሩ እማዬ በመኪናዋ ፊት በኩል ዞረች፤ ሁሉም ተከተሏት። ከዚያ ቆሙ። ፀሐይ ነበረች፤ እማዬ ጠዋት አጥባታለች። አረንጓዴ ፓራፋንጎ፣ ቢጫ በር፣ ቀይ በር።

አቶ ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አቶ ገረመው ግን ክራቫታቸውን አላሉ፤ ዓርማውስ የታለ አሉ። አቶ ወልደገብርኤል፣ እንዲህ ንጹሑ ነው የሚያምረው አሉ። አቶ ገረመው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ባንዲራ ቆሞ አይሰቀልም፣ ደግሞ ጎማ ሥር ምን ይሠራል አሉ። አንደኛው ስለ አያታቸው ተናገሩ፣ ሁለተኛው ስለ ሕግ ተናገሩ። ድምፅ ከፍ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ሰው በረንዳ ላይ ወጣ። እኔ ዳኞች ሲጣሉ አይቼ አላውቅምና፣ ነጥቡ በጣም ትልቅ ቢሆንባቸው ነው አልኩ። አባቴ በመካከል ገብቶ፣ ይኸው አያችሁ፣ ለሷ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው አለ።

እማዬ ቀዩን በር ከፈተችው። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው።

«ባንዲራ አይደለም፣ በር ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይከፈታል፣ ይዘጋል። ልጄ በሱ ገብታ በሱ ትወጣለች። ለልጄ ነው የመጣችሁት ወይስ ለቀለሙ?»

የሴፍቲውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለአቶ ገረመው ሰጠች፤ ማንበብ ይወዱ የለ። ለአቶ ወልደገብርኤል ደግሞ፣ እስኪ ይግቡና ይቀመጡበት አለቻቸው። ቀስ ብለው ገቡ። ምንጣፉን አነሳችላቸው። በከዘራቸው ወለሉን መቱት። ደገሙት፤ እኔ ልክ የቀባሁበት ላይ።

አባቴ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ። «ጽዮን፣ ንገሪያቸው። ቀዳዳ አልነበረም? አንቺው አይደለሽ ያሳየሽኝ?»

ያኔ ነው ሁሉም ያዩኝ። እማዬ ብቻ አላየችኝም፤ ከጫማዋ አጠገብ ያለውን መሬት ነው የምታየው፣ የበሩን እጀታ የያዘ እጇም ነጭ ሆኗል። ውድድር አለመሆኑን ያወቅኩት ከዚያ እጅ ነው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። የማውቀው፣ አባቴ ስለ አሮጌው ቀዳዳ ሲያወራ አዲሱን ሥራዬን እያየው አለመሆኑን ነው፤ ያ ደግሞ አናደደኝ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ወጣብኝ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳልሰሙኝ ሳይ በአማርኛ ደገምኩት።

«ነበረ» አልኩ። «አሁን ግን የለም። እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

እጄንም አሳየኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታጥቤ የጥፍሬ ጠርዝ ገና ጥቁር ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል ከመኪናዋ ውስጥ ሆነው እጄን ሳብ አድርገው ተመለከቱት። ከዚያ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ተሻገር፣ ልጅህ መልሳልሃለች» አሉት። «ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል፤ እናቷ ጋ ናት፣ ቅዳሜህ ቅዳሜህ ነው።» አቶ ገረመው ወረቀቱን አጥፈው ለእማዬ መለሱ። አባቴ ጫማው ላይ ጭቃ ያረፈ ይመስል ዝቅ ብሎ አየና ወደ መኪናው ሄደ። በሩ በራሱ ተከፈተለት።

«እንግዲህ ከተቀመጥኩ አይቀር ቤቴ አድርሺኝ፣ ውቤ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

እማዬ መሪው ጋ ገባች። አቶ ወልደገብርኤል ድሮ እኔ እንደማደርገው በወንበሩ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ግራ ጠጋ አሉልኝ። እኔም በራሴ በር ገባሁ። እግሬን ወለሉ ላይ አሳረፍኩት፤ ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። እማዬ በስፖኪዮው ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቶ ሳይ ልጠይቃት ፈለግኩ።

«አሸነፍን፣ እማዬ?»

ቁልፉን አዞረች፤ ኮሮላዋ በአንዴ ተነሳች።

«በርሽን ዝጊ» አለችኝ።

ሳብኩት። ገጥሞ ተዘጋ።